ባለ አንድ ክንዱን ማን መረጠው?

መኪናዋ አራት ጎማዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ገደሉ ሥር ተዘርግታለች። ሟቹን ከሥሯ ጎትተው ያወጡት በኮረብታው ማዶ ጠጠር የሚፈጩ ሠራተኞች ናቸው። በሸራ ሸፍነውት ራቅ ብለው ቆመዋል። መርማሪዋ ላቧን እየጠረገች ስትደርስ ትራፊክ ፖሊሱ ሰላምታ ሰጣት።

«አደጋ ነው» አላት።

«ማን ነገረህ?»

«ሁሉም የሚለው እሱን ነው። ከወዲያ ማዶ ጋራዡ ውስጥ ያሉት ቤተሰቦቹ በሙሉ። መኪናዋን የሠሯት ራሳቸው ናቸው። መንገድ የሌለበት ገብታ ሰው እንድታወጣ ነው አሉ፤ ለሕይወት አድን ሥራ። ዛሬ ከግቢ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። የፊት ጎማዎቿን ከአካሏ ጋር የሚያያይዘው ክንዷ ተሰብሮ ነው የተገለበጠችው ይላሉ።»

«መጥተው አይተዋታል?»

«አላሳለፍኳቸውም።»

«ደግ አደረግህ። አሁንም ዝንብ እንዳታሳልፍ።»

ይህችን ሴት ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ስሙን የሰጣት ሰው ቁመናዋን አይቶ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ደልደል ያለች፣ ደረጃ ስትወጣ የምታለከልክ ሴት ናት። የሚያመው የት እንደሆነ አውቃ እዚያው ላይ ስለምትወጋ ነው። ያን ዕለትም መጀመሪያ የወጋችው የገዛ ሹፌሯን ነበር። ከጋራዡ በር አንሥቶ እስከ ገደሉ ድረስ መኪናዋ በሄደችበት መንገድ በእግሯ እንደምትሄድ ስትነግረው ሳቅ ስላለ፣ «አንተም ትከተለኛለህ» ብላ ኮረብታውን አስወጥታዋለች።

በእግር መሄዷ ግን ከንቱ አልቀረም። ልክ ኮረብታው አናት ላይ፣ መንገዱ መውጣቱን ጨርሶ ወደ ማዶው ቁልቁል በሚታጠፍበት ቦታ፣ አውራ ጣት የሚያህል ወፍራም ቡሎን አቧራ ውስጥ ወድቆ አገኘች። ግራሶ በግራሶ ሆኗል፤ ግራሶው ላይ አሸዋ ተለጥፎበታል። ጫፉ ላይ ዞሮ የሚያጠብቀው ዳዶ የለውም። አካባቢውን ብታስስም ዳዶውን አላገኘችም። ቡሎኑን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው፤ ለሹፌሯ እንኳ አላሳየችውም።

አሁን ልብሴ ይቆሽሻል ሳትል መሬት ላይ ተኛችና የመኪናዋን ሆድ መመልከት ጀመረች። የፊት ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ድፍን ብረት ግራና ቀኝ ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ይነሡና ወደ ኋላ እየተጠጋጉ መጥተው አንድ ቦታ ይገጥማሉ። ይኸው ነው ክንዱ። ጫፉ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው በአንዲት ማቀፊያ ሲሆን፣ ማቀፊያዋ የላይና የታች ከንፈር አላት፤ በሁለቱ ከንፈሮች መሃል ቡሎን ሰንጥቆ ያልፋል። አሁን ቀዳዳው ባዶ ነው። ክንዱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው፤ አልተሰበረም፣ አልተጣመመም። ብየዳውም አልተላቀቀም።

መኪናዋ ስለተገለበጠች ላይና ታቹን በጣቷ እያመለከተች ለየች። በላይኛው ከንፈር ቀለም ላይ ባለ ስድስት ጎን የቡሎን ራስ ጥርት ብሎ ታትሟል። በታችኛው ላይ ያለው ደግሞ ክብ ክብ ጭረት ነው። «የዞረ ነገር ይጭራል፣ ያልዞረ ያትማል» አለች ለራሷ፤ ከዚያም ልብሷን አራግፋ ተነሣች።

ጋራዡ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ አዳራሽ ነው። ወለሉ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ የተበየደ ብረት ሽታው ከግድግዳው የሚወጣ ይመስላል። አንዱ ጥግ ላይ በጋዝ ተቆራርጦ የተደረደረ የመኪና ሻንሲ ተደግፏል። አራት ሰዎች አራት ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን ላለማየት አንገቱን አዙሯል። የቤት ሰው ሞቶበት እንዲህ ተራርቆ የሚቀመጥ ቤተሰብ መርማሪዋ አይታ አታውቅም። መቼም ሐዘን ያቀራርባል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ሐዘኑ ራሱ የጠብ ድግስ ሆኗል።

በመጀመሪያ የሟቹን ሚስት አስጠራች። የሴትየዋ ቀኝ እጅ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል።

«ልጄ ናት የገደለችው። ጻፊው» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«እናት ሆነው እንዲህ ይላሉ?»

«እናትነቴን ተይው። ዛሬ ባሏ የሞተባት ሴት ናት የምታናግርሽ! ይሄ ቤት ስለ ክንድ ሲያወራ ነው የኖረው። ቁርስ ላይ ክንድ፣ እራት ላይ ክንድ። ዋርሳዬ አራት ክንድ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፤ ስሙ ራሱ ‹አራቴ› ሆኖ ቀርቷል። ልጄ ደግሞ አንድ ይበቃል ትላለች። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ባሌ መሃል ላይ አረረ። ‹እናንተ ሳትስማሙ እኔ አልቆርጥም› እያለ ስንቱን ጊዜ አሳለፈ።»

«በመጨረሻ እንዴት ተቆረጠ?»

«አንድ ቀን ዋርሳዬ ተነሣና ‹የልጅቱ ይሁን› አለ። ባሌ ወንድሙን አቅፎ አለቀሰ። እኔ ራሴ ዕርቅ ወረደ ብዬ ተደስቼ ነበር፤ ሞኝ!»

«ዛሬ ሊነዳ የነበረው ባልዎ ነው?»

«የለም፣ አማቼ ነበር። ጠዋት ላይ ሆዴን ቆረጠኝ አለ። ሆዴን! ዋርሳዬ ሳቀና ‹በሉ እንግዲህ፣ ያመነባት ሰው ራሱ ይንዳት› አለ። ባሌ ደግሞ ክብሩን ከነኩበት አይችልም። ዘሎ ገባ።» ጀሶዋን በግራ እጇ እያሻሸች ፊቷን አዞረች። «ሂጂ ልጄን ጠይቂያት። እኔ ከብረት ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም።»

ሹፌሩ፣ ማለትም የልጅቱ ባል፣ ቆዳ ጃኬቱን ግጥም አድርጎ ገባ። ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ።

«እኔን ፈሪ ብለውሻል አይደል? እውነቴን ነው ያመመኝ!»

«‹ብለውሻል› ነው ወይስ ‹ብለውዎታል›?»

«ብለውዎታል» አለ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

«እሺ። መኪናዋ ዛሬ ከመነሣቷ በፊት ከሥር ገብተህ አይተሃታል?»

«እንዴታ! ሥራዬ አይደል እንዴ? ጠዋት በጀርባዬ ተኝቼ አራቱንም ቡሎን አንድ በአንድ በእጄ ነካክቼ ነው የወጣሁት። ሁሉም ጥብቅ ያሉ ነበሩ።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም። ከፈለጉ ያስምሉኝ።»

«አያስፈልግም። ታዲያ ምን ነካት ትላለህ?»

«ክንዷ ነዋ የተሰበረው! ሚስቴ ብየዳውን በደንብ አልተከታተለችም። ስንቴ ነግሬያት ነበር።» ይህን ሲል ድምፁን ከፍ ያደረገው ሚስቱ እንድትሰማው ይመስላል። መርማሪዋ ሰውየውን ጠላችው፤ ግን መጥላትና መክሰስ ለየቅል መሆናቸውን ታውቃለች።

አጎትየውን አላስጠራችውም፤ ራሷ ሄደች። አራቴ ሞርሳ ላይ ብረት አስሮ እየሞረደ ነው። ቁመቱ ከአዳራሹ በር ትንሽ ቢያንስ ነው፤ እጆቹ አካፋ ያክላሉ።

«ወንድምዎ ሞቶ ይሠራሉ?»

«ብቀመጥ ይነሣል?» አለ ሞረዱን ሳያቆም።

«ባለ አንድ ክንዱን ማን መረጠው?»

«እነሱ። እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኼያለሁ። አራት ክንድ ማለት አራት ምስክር ነው፤ አንዱ ቢከዳሽ ሦስቱ ይይዙሻል። ማን ይስማኝ? አርጅቷል አሉ። ያ ጥግ ላይ የምታዪው የኔ ሻንሲ ነው፤ ወንድሜ ቦታ ያዘብን ብሎ በጋዝ አስቆረጠው። እኔ ቆሜ እያየሁ።»

«በመጨረሻ ግን እሺ ብለዋል።»

«ሰለቸኝ።»

«መኪናዋ ከተሠራች በኋላ ከሥር አይተዋታል?»

«ያቺን መጫወቻ? ምን ቆርጦኝ! ከተበየደች ወዲህ አጠገቧም አልደረስኩ።»

«ይገርማል። ልጅቱ ግን ጎበዝ መሐንዲስ ናት ነው የሚሉት።»

ሞረዱ ቆመ። አጎትየው ዞር አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት፤ ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ጎበዝ? ወረቀት ላይ ነዋ! ቁጭ ብላ መስመር ስታሰምር ጎበዝ! እኔ በሞረድ ያደግሁትን ሰውዬ ‹ጋሼ፣ ስሌቱ እንዲህ ይላል› ትለኛለች። ስሌት! የሰው ነፍስ አንድ ቡሎን ላይ ሰቅላ፣ እሱንም ከታች ወደ ላይ ሰክታ፣ ከዚያ አባቷን ንዳ ትለዋለች። ምን ትጠብቂ ነበር? ይወድቃላ! ከዚያ ደግሞ ተቀምጣ አልቅሱልኝ ትላለች። እኔ አላለቅስላትም። በይ አሁን ሥራዬን አታስፈቺኝ።»

«አላስፈታዎትም» አለች መርማሪዋ በለዘብታ። ከዚያ በፊት በለዘብታ ስትናገር የሰማ ሰው ቢኖር ኖሮ በጣም ይደነግጥ ነበር።

ልጅቱን ያገኘቻት ሥዕል በምትሠራበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መሐንዲሷ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው፤ ከንፈሯ ግን በጥርሷ ከመንከሷ ብዛት ደምቷል።

«ቃሌን ልስጥና ይውሰዱኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«እወስድሻለሁ፣ አትቸኩዪ። መጀመሪያ አስረጂኝ፤ እኔ ከመኪና የማውቀው መሳፈር ብቻ ነው። ለምን አንድ ክንድ?»

ልጅቱ ሁለት ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መዳፎቿን አገናኘች። «ክርኖቼ ጎማዎቹ ጋ ናቸው እንበል፤ መዳፌ ደግሞ ሻንሲው ጋ። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ይገባል። በአራት ክንድ ከሆነ ክንዶቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ይሄ ሲወጣ ያኛው ይይዘዋል። በአንድ ክንድ ግን አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ የታሰረው እንደልቡ ይዞራል። ወደ ጎን እንዳይሄድ አንድ ቀጭን ዘንግ ይይዘዋል፤ ሌላ ምንም የለም። ይቀላል፣ ድንጋይ የሚመታው ነገር ያንሳል። ጉዱ ያለው ቡሎኑ ላይ ነው። አንድ ነው። እሱ ከሄደ ሁሉም ሄደ።»

«ስለዚህ ጠንካራ አደረግሽው።»

«ከሚያስፈልገው በላይ። ግን ተሰበረ። ክንዱ ተሰበረ አይደል?» ድምፏ ቀጠነ። «የት ጋ ነው የተሰበረው? እባክዎ ይንገሩኝ። ብየዳው ጋ ነው? ስሌቴን ሳየው ስሕተቱ አይታየኝም፤ የት ጋ እንደተሳሳትኩ ካላወቅሁ አብዳለሁ።»

መርማሪዋ ልትነግራት አሰበችና ተወችው። አንዲት ቃል ካመለጠች ከዚህ ቀጭን ግድግዳ ማዶ ጆሮ አለ።

«ቡሎኑን ማን አሰረው?»

«እኔ። ትናንት፣ ከመጨረሻው የጓሮ ሙከራ በኋላ። ራሱን በአንድ ቁልፍ ይዤ፣ ዳዶውን በሌላ አጠበቅሁት።»

«ዳዶው በየት በኩል ነበር?»

«ከታች ነዋ። ቡሎን ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚገባው፤ ዳዶው ወልቆ ቢጠፋ እንኳ ቡሎኑ በክብደቱ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ይሄን ያስተማረኝ ጋሼ ነው። ልጅ ሆኜ አንዴ ከታች አስገብቼ በቁልፍ እጄን መትቶኛል። ከዚያ ወዲህ እጄ ራሱ እምቢ ይለኛል።»

«ግራሶ ቀብተሽው ነበር?»

«ግራሶ? ቡሎን? በፍጹም፤ ደረቁን ነው የማስረው።» ቅንድቧን ቋጠረች። «ለምን ጠየቁኝ?»

«ሞኝ ስለሆንኩ። ዛሬ ጠዋት አየሽው?»

«አላየሁትም። ከባሌ ጋር ስንጣላ አባቴ ሞተር አስነሣ። ‹አንዴ ልየው፣ ቆይ› ልለው ነበር፤ ንዴቴ አልበረደልኝም ነበርና ዝም አልኩ። ዲዛይኑ የኔ፣ ዝምታውም የኔ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

መርማሪዋ ተነሣች። «ሁላችሁንም አዳራሹ ውስጥ እፈልጋችኋለሁ» አለች፤ በሩ ላይ ደርሳም፣ «አንቺ ደግሞ እጅሽን ለካቴና አታዘጋጂ» ብላ ወጣች።

አራቱም ረጅሙ የሥራ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ። ትራፊክ ፖሊሱ በሩ ላይ ነው። እናትየዋ ከልጇ በጣም ርቃ ቆማለች። አጎትየው ሞረዱን እጁ ላይ እንደያዘ ነው። መርማሪዋ ከኪሷ መሐረቡን አወጣችና ቡሎኑን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገችው።

ልጅቱ ቡሎኑን አየች፤ መርማሪዋን አየች። «ይሄ የኔ ቡሎን ነው። የት ተገኘ? ለምን ግራሶ…»

«ኮረብታው አናት ላይ ነው ያገኘሁት። መኪናዋ ያለችው ግን እታች ገደሉ ውስጥ ነው። ክንዱ አልተሰበረም፤ እንደ ሠራሽው ነው። ብየዳው እንደ ሠራሽው ነው። ቡሎኑም አልተጣመመም፤ ጥርሶቹን እይያቸው፤ ዳዶው ቢገነጠል ኖሮ ተበልተው ይገኙ ነበር። ዳዶውን ሰው ነው በቁልፍ የፈታው።»

«ወይም ሳታስረው ቀረች!» አለ ባሏ።

«አንተ ዝም በል፤ ተራህ ይደርሳል። የላይኛው ከንፈር ላይ የቡሎኑ ራስ ታትሟል፤ የታችኛው ላይ ዳዶው ሲዞር የጫረው አለ። ልጅቱ ከላይ ወደ ታች አስገብታ፣ ከታች አጥብቃ አስራዋለች ማለት ነው። እንግዲህ ከላይ የገባ ቡሎን ዳዶው ቢጠፋም ወደ ላይ በርሮ አይወጣም። ቡሎኑ ግን መንገድ ላይ ወድቋል። እንዴት?»

ቡሎኑን ገልብጣ በራሱ አቆመችው።

«አንድ ሰው ክንዱን በክሪክ ደግፎ ቡሎኑን አወጣው፣ ገልብጦ ከታች ወደ ላይ ሰካው፣ ቶሎ እንዳይወድቅበት ግራሶ ሞላው፣ ዳዶውን ይዞ ሄደ። መኪናዋ ኮረብታውን ስትወጣ ጎማዎቹ ክንዱን ይስቡታል፤ የተሳበ ክንድ ቡሎኑን ጨብጦ ይይዘዋል። አናቱ ላይ ሟቹ እግሩን ከነዳጅ አነሣ፤ ክንዱ ላላ፤ ቡሎኑ ወረደ። ቁልቁል ላይ ፍሬን ሲይዝ የሚይዘው ነገር አልነበረም። ማላገጥ የፈለገ ሰው ዳዶውን አላልቶ ይተዋል። ይሄ ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።»

እናትየዋ ጠረጴዛውን ያዘች። «ማነው?»

«እርስዎ በአንድ እጅ ይሄን ቡሎን አያወጡትም። አማችዎ ደግሞ ጠዋት ከሥር ገብቶ አራቱንም ቡሎን እንደነካ ነግሮኛል።»

ልጅቱ ወደ ባሏ ዞረች። «አራቱን? የትኞቹን አራት?»

የሹፌሩ ደም ከፊቱ ሸሸ።

«ከሥሯ ገብቶ አያውቅም» አለች መርማሪዋ። «አንድ ቀን እንኳ ቢገባ አንድ ብቻ መሆኑን ያይ ነበር። ውሸታም ነው፤ ግን ከሥር ያልገባ ሰው ቡሎን አይገለብጥም። በል አሁን ተራህ ነው። ሆድህን ማን አሳመመህ?»

«እሳቸው» አለ ሹፌሩ፤ ወደ አጎትየው እያየ። «ጠዋት ጠርተውኝ ‹ይቺ መኪና ትቀብርሃለች፣ ሚስትህን መበለት ታደርጋታለህ› አሉኝ። ፈራሁ። ምን ላድርግ፣ ፈራሁ!»

«ሹፌሩን አስፈሩት፤ ከዚያ በሰው ፊት ‹ያመነባት ይንዳት› ብለው ወንድምዎን በክብሩ ነዱት።» መርማሪዋ ወደ አራቴ ዞረች። «ቅድም ሲሰድቧት ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? ‹ከታች ወደ ላይ ሰክታ› አሉኝ።»

«ታዲያስ? ቡሎኑ ወደቀ፣ ከታች ነበር ማለት ነው። የትኛውም መካኒክ ይገምታል።»

«ይገምታል፤ ቡሎኑ መውደቁን ካወቀ። እርስዎ ያን ሲሉ ግን ቡሎኑ ኪሴ ውስጥ ነበር። መገኘቱን ለሹፌሬም አልነገርኩም። ባሏ ክንዱ ተሰበረ ብሎኛል፤ እሷም የት ጋ ተሰበረ ብላ ልታብድ ነው። ቡሎን ያሉኝ፣ ወደቀ ያሉኝ፣ ከታች ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያውም አጠገቧ አልደረስኩም ካሉ በኋላ። ከታች ተሰክቶ ሊያየው የሚችለው የሰካው ሰው ብቻ ነው።»

አጎትየው ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እናትየዋ እንደ እብድ ጮኻ ልትደርስበት ስትል ፖሊሱ መሃል ገባ።

«እኔ ከቅድም ጀምሮ አንድ ነገር ስጠይቅ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ባለ አንድ ክንዱን ማን መረጠው? ልጅቱ እኔ ትላለች፤ እናቷ ልጄ ትላለች። ሟቹ ግን እርስዎ ካልተስማሙ አልቆርጥም ብሎ ነበር። የቆረጡት እርስዎ ነዎት። አራት ክንድ ቢሆን አንድ ቡሎን ገልብጦ ሰው መግደል አይቻልም፤ ሦስቱ ይይዙታል። ያን ቀን ‹የልጅቱ ይሁን› ሲሉና ወንድምዎ አቅፎዎት ሲያለቅስ፣ የሚገድሉበትን መሣሪያ ነበር የመረጡት።»

«ውሸት ነው!»

ድምፁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንደ ድንጋይ ቆሞ የነበረው ሰው አሁን ጠረጴዛውን በጡጫው መታ።

«ያን ቀን ልገድለው አልነበረም። ከጻፍሽ በትክክል ጻፊው! እሺ ያልኩት ትሰበራለች ብዬ ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ክንዷ እጥፍ ሲል፣ ሁላችሁም አፍራችሁ፣ ‹ጋሼ ና፣ አንተ ያልከው ይሁን› ብላችሁ እንድትመለሱ ነው። ጓሮ ድንጋዩ ላይ ስትፈትኗት በየቀኑ በመስኮት አያት ነበር። ዛሬ ትሰበራለች፣ ነገ ትሰበራለች ብዬ። እሱ ደግሞ መጥቶ ትከሻዬን እየመታ ይስቃል። የኔን ሻንሲ አስቆርጦ ይስቃል።»

 መርማሪዋ ለፖሊሱ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው። ካቴናው ለእነዚያ እጆች ሊጠብብ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ልጅቱ ከኋላ ተጣራች።

«ጋሼ።»

አጎትየው ቆመ፤ አልዞረም።

«ክንዱ ጥሩ ነበር?»

መርማሪዋ እምቢ ይላታል ብላ ጠበቀች። ሰውየው ግን ዕድሜውን ሙሉ ብረት ላይ ያሳለፈ ሰው ነው፤ ስለ ብረት ተጠይቆ ዋሽቶ አያውቅም።

«መጥፎ ቢሆን ኖሮማ ቁጭ ብዬ እጠብቀው ነበር» አለ። «እጄን ምን አስገባኝ?»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ልጅቱ አባቷ መሞቱን ገና አሁን የነገሯት ይመስል እሪ ብላ አለቀሰች፤ እናቷም ካለችበት ጥግ ተነሥታ ወደ እሷ መጣች።